በሁለት ድንጋይ አንመዝን

ዛሬ የማካፍላችሁ አሳብ ብዙዎቻችን ከተነታረክንበት በኋላ "አለፈ" ብለን ወደ ጎን ስለተውነው ጉዳይ ነው፤ ስለ ክትባት። የኮሮና ክትባት ወደ አገራችን በገባ ጊዜ ለምን ዘገየ፣ ለማን ቀድሞ ደረሰ፣ ደግሞስ ለሰው ደኅና ነው ወይ እያልን በየቤቱ፣ በየታክሲው፣ በየጸሎት ኅብረቱ ተከራክረናል። ክርክሩ ሳይቋጭ ወረርሽኙ ረገበ። የዓለም ጤና ድርጅትም ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዓ.ም. ዓለም አቀፉ የአደጋ ጊዜ ማብቃቱን አስታወቀ። ጥያቄው ግን ሌላ ክትባት በመጣ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል።

እኔ ነገረ መለኮት አልተማርኩም፤ ሐኪምም አይደለሁም። መርካቶ፣ እህል በረንዳ፣ ጤፍና ስንዴ የምሸጥ ነጋዴ ነኝ። ስለዚህ የማውቀውን በማውቀው ነገር ልንገራችሁ፤ በሚዛን።

ሚዛኑና ድንጋዩ

እህል በረንዳን ለማታውቁት፣ ከአውቶቡስ ተራና ከሰባተኛ ብዙ የማይርቅ፣ ከሌሊት ጀምሮ የጭነት መኪና የሚራገፍበት ሰፈር ነው። ጤፉ ከጎጃም፣ ከአዳና ከምንጃር፣ ስንዴው ከአርሲና ከባሌ ይመጣል። ጫኝና አውራጆቹ መቶ ኪሎውን ኩንታል በጀርባቸው ይዘው በጠባቡ መንገድ ይሮጣሉ። ገዢው ጆንያውን በብረት ወጋ ያደርግና ጥቂት እህል በመዳፉ ይቀበላል። ወደ ብርሃን አውጥቶ ያየዋል፣ ያሸዋል፣ እፍ ይለዋል። ከጎን ደግሞ እናቶች ወንፊትና ሰፌድ ይዘው ያበጥራሉ፤ ከመሬት የፈሰሰውንም ይለቅማሉ።

በዚህ ገበያ ሰውን ከሰው ተራ የሚያወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንዱ አፈር የተቀላቀለበት እህል ነው። ሁለተኛው የተሰረቀ ሚዛን ነው። እግዚአብሔርም ስለ ሚዛን ብዙ ተናግሯል። በሙሴ ሕግ አንድ ሰው በከረጢቱ ውስጥ ትልቅና ትንሽ የሚዛን ድንጋይ እንዳይዝ ከልክሏል (ዘዳ 25፥13-15)። የምሳሌ መጽሐፍም ይህንኑ ደጋግሞ ያነሣል (ምሳ 11፥1፤ 20፥10)።

በዚህ ሥራ ስኖር ያስተዋልኩት አንድ ነገር አለ። ሌብነቱ በአንዱ ድንጋይ ውስጥ የለም። ትልቁ ድንጋይ ብቻውን ቢሆን ገዢም ሻጭም ይለምደዋል፤ ዋጋውን በዚያው ልክ ያደርጋል። ትንሹም እንዲሁ ነው። ሌብነቱ በመለዋወጡ ውስጥ ነው፤ ሲገዙ ትልቁን፣ ሲሸጡ ትንሹን ማውጣቱ ላይ። በእጁ ያለውን ድንጋይ ብቻ ያየ ሰው ሌባውን አይይዘውም። በከረጢቱ ሁለተኛ ድንጋይ መኖሩን ማየት አለበት።

ስለ ክትባቱ ያደረግነውን ክርክር ወደ ኋላ ሳስበው፣ ያጣላን የእውቀት ማነስ ብቻ አልነበረም። በየከረጢታችን ሁለት ድንጋይ ነበረ።

ክትባቱ ሲመጣ

ነገሩን እናስታውስ። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ነው። አብያተ ክርስቲያናት ደጃቸውን ዘጉ፤ ኅብረቶች በቤትና በስልክ ሆኑ። አትክልት ተራ ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። እኛ ግን እህል በረንዳ ቀረን፤ ከተማው እንጀራ መብላት አለበትና። ኩንታል ደግሞ በሁለት ሜትር ርቀት አይራገፍም። አንዱ ያነሣል፣ ሌላው ይሸከማል፣ ትንፋሽ ከትንፋሽ ይገናኛል።

ልክ በዓመቱ፣ መጋቢት 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ክትባቱ በኤካ ኮተቤ ሆስፒታል መሰጠት ጀመረ። ከስድስት ቀን ቀደም ብሎ፣ የካቲት 28 ቀን፣ ኮቫክስ በተባለው ዓለም አቀፍ ጥምረት በኩል 2.2 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ ቦሌ ደርሶ ነበር። ዓይነቱ አስትራዜኒካ ሲሆን የተመረተው ሕንድ ውስጥ ነው። አንድ ሰው ሁለት ጊዜ መወጋት ስለነበረበት የሚበቃው ለ1.1 ሚሊዮን ሰው ያህል ነው። ከ110 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ ይህ ከመቶ ሰው ለአንዱ ማለት ነው። ስለዚህ ተራ ወጣለት። በመጀመሪያ የጤና ባለሙያዎች፣ ቀጥሎ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ የሆኑ አረጋውያን፣ እንዲሁም ከ55 በላይ ሆነው ሥር የሰደደ ሕመም ያለባቸው።

ሁለተኛው ጭነት ይመጣል ሲባል ሕንድ ራሷ በከባድ ማዕበል ተመታች። ያመረተችውን ለገዛ ሕዝቧ ለማድረስ ወደ ውጭ መላኩን አቆመች። ከዚያው ፋብሪካ ለኮቫክስ የሚላከው እንደገና የቀጠለው በዚያው የፈረንጆች ዓመት መጨረሻ፣ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የመጀመሪያውን የተወጉ ሰዎች ሁለተኛውን ቀጠሮ ይዘው ቀሩ። ከቻይና የተለገሰ ሲኖፋርም፣ በኋላም ከአሜሪካ የተለገሰ ጆንሰን ኤንድ ጆንሰን መጣ፤ ግን ጥያቄው "መቼ?" ከሚለው ወደ "የትኛው?" እና "ለማን?" ዞረ።

በሩ ሲከፈት ማን ላይ ተዘጋ?

የረቡዕ ማታ የቤት ኅብረታችን የሚሰበሰበው ከመደብሮቹ ኋላ ባለ አንድ ክፍል ነው። ነጋዴ አለ፣ ሾፌር አለ፣ ጫኝና አውራጅ አለ፣ አበጣሪ እናቶች አሉ። በመጋቢት መጨረሻ አንድ ወንድማችን ለምስክርነት ተነሣ። ዕድሜው አርባ ያልሞላ፣ ጤነኛ ነጋዴ ነው። የሚያውቀው ሰው ደውሎለት "ስምህን አስገብቻለሁ፣ ነገ ጠዋት ና" ብሎታል። "ጌታ በር ከፈተልኝ" ብሎ አመሰገነ። አንዳንዶቻችን "አሜን" አልን።

ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን ዝም አላሉም። ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጤፍ እያበጠሩ ሦስት ልጆች ያሳደጉ ናቸው። ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። በቀስታ "ልጄ" አሉት፣ "በሩ ላንተ ሲከፈት ማን ላይ ተዘጋ?"

ክፍሉ ጸጥ አለ። በመካከላችን ከሠላሳ ዓመት በላይ ኩንታል የተሸከሙ አንድ ጋሼ ተቀምጠው ነበር። ስኳር አለባቸው። ዕድሜያቸው ከ55 ያለፈ መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን ሕመማቸውን የሚያሳይ የክትትል ካርድ አልነበራቸውም፤ የቀን ሥራቸውን ትተው ሐኪም ቤት ተሰልፈው አያውቁማ። በወረቀት ሲታዩ ጋሼ ጤነኛ ናቸው። ወንድማችን ደግሞ ጤነኛ ሆኖ ሳለ በወረቀት ተራ አለው።

ወንድማችን ተቆጣ። "እኔ ብተወው ለሌላ ዘመድ ነው የሚሰጡት" አለ። እውነቱን ነው፤ ይህን ማንም አልካደም። በሚቀጥለው ረቡዕ አልመጣም። በሦስተኛው ሳምንት መጣና ምንም ምስክርነት ሳይሰጥ ተቀመጠ። በኋላ የሰማነው ከጋሼ ነው። ወንድማችን ደዋዩን "ይቅርብኝ" ብሎት፣ ጋሼን በመኪናው ይዞ ሄዶ የስኳር ምርመራ አስደርጎላቸው፣ ካርድ አስወጥቶላቸዋል። የጋሼ የቀን ሥራ የቀረበትንም ከፍሎላቸዋል። የተወው ተራ ለማን እንደሄደ አናውቅም። ምናልባት ለአንዲት ነርስ፣ ምናልባትም እንዳለው ለሌላ ዘመድ። ጋሼ ግን በግንቦት የመጀመሪያውን ተወጉ። ሁለተኛው እጥረት ስለነበረ ቀጠሯቸው አልፎ ሳምንታት ጠብቀዋል።

በዚያ ሰሞን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6ን ደጋግሜ አነበብኩ። በኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን የግሪክ ቋንቋ የሚናገሩ መበለቶች ከዕለቱ እደላ ተዘነጉ፤ ማጉረምረም ሆነ። ሐዋርያቱ ያጉረመረሙትን "መንፈሳዊ ሁኑ" ብለው ዝም አላሰኟቸውም። "በትዕግሥት ጠብቁ" ብለውም አልሸኟቸውም። እደላው እንዲስተካከል ሰባት የታመኑ ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። የሰባቱንም ስም ብታዩ የግሪክ ስም ነው፤ የተበደለው ወገን ራሱ በእደላው ላይ ተሾመ ማለት ነው። ስለ ወረፋ መጠየቅ ከወንጌል የራቀ ዓለማዊ ነገር የሚመስለን ካለን፣ መንፈስ ቅዱስ አንድ ሙሉ ታሪክ ለእደላ ፍትሕ ሰጥቶ እንዳጻፈ እናስብ።

ከዚያ ወዲህ ምስክርነት ስሰማ የእማማ ጥያቄ ይመጣብኛል። ጌታ በር ይከፍታል፤ አምናለሁ። ግን በሌላው ላይ የተዘጋን በር "ለእኔ የተከፈተ" ብዬ ልጠራው አልችልም።

ደኅና ነው ወይ?

የወረፋው ክርክር ሲበርድ የደኅንነቱ ክርክር ጋለ። መነሻም ነበረው። እኛ መከተብ ልንጀምር ሁለት ቀን ሲቀረን፣ መጋቢት 2፣ ዴንማርክ ያንኑ አስትራዜኒካ ለጊዜው አቆመች። መጋቢት 6 ጀርመን፣ ፈረንሳይና ጣሊያን ተከተሉ። ምክንያቱ ከክትባቱ በኋላ በጥቂት ሰዎች ላይ የታየ የደም መርጋት ነው። ወሬው እህል በረንዳ ለመድረስ አንድ ቀን አልፈጀበትም። "ፈረንጆቹ የጣሉትን ለእኛ ላኩት" ተባለ።

ይህን የጠየቀ ሰው አላዋቂ አልነበረም። እዚህ ላይ የመጀመሪያውን የድንጋይ መለዋወጥ አየሁ። ኮፐንሃገን ስትጠራጠር "ጥንቃቄ" ተባለ። የመርካቶ ወዛደር ያንኑ ጥርጣሬ ሲጠይቅ ደግሞ "ኋላ ቀርነት" ተባለ። ያው ጥያቄ በሁለት ድንጋይ ተመዘነ። ሰውን በንቀት የመለሰ ሰው ደግሞ፣ ከዚያ በኋላ እውነት ቢናገርም የሚሰማው አያገኝም።

መልሱ ግን ነበረ። የአውሮፓ መድኃኒት ተቆጣጣሪ መጋቢት 9 የክትባቱ ጥቅም ከጉዳቱ ይበልጣል አለ። መጋቢት 29 ደግሞ ያ የደም መርጋት እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም የጎንዮሽ ጉዳት ሊሆን እንደሚችል ሳይደብቅ አስታወቀ። በዚያው ቀን የእንግሊዝ ተቆጣጣሪ ቁጥሩን አወጣ። ከ20 ሚሊዮን ገደማ ዶዝ በኋላ 79 ሰዎች ላይ ታይቷል፤ ከእነርሱም 19 ሞተዋል። ከአንድ ሚሊዮን አራት ያህል ማለት ነው። ይህ ዜሮ አይደለም። የአሥራ ዘጠኝ ቤተሰብ ኀዘን ነው፤ "ምንም የለውም" ብሎ ማለፍም ሐሰት ነው። ነገር ግን በሌላው የሚዛን ወገን በሽታው ራሱ አለ። በአገራችን ብቻ ተመርምሮ የተመዘገበው ሞት ከ7,500 በላይ ነው፤ ሳይመረመር የተቀበረውን ማን ቆጠረው?

ሁለተኛውን መለዋወጥ ያየሁት በገዛ ወገኖቻችን መካከል ነው። ከክትባቱ ፍጹም ማረጋገጫ እንጠይቃለን፤ በስልክ ከሚላክልን ድምፅ ግን ምንም አንጠይቅም። የተናገረው ማን ነው፣ የት ነው፣ መቼ ነው ሳንል እናስተላልፋለን። እህል ስንገዛ ጆንያውን ሳንወጋ አንከፍልም። ወሬን ግን በጆንያው ተሸክመን፣ ሳንወጋው ለወንድማችን እናራግፍበታለን።

አንዳንዶች ክትባቱ በራእይ 13 የተጻፈው የአውሬው ምልክት ነው አሉ። ይህን የሚሉትን አላፌዝባቸውም፤ ጌታቸውን እንዳይክዱ ከመፍራት የመጣ ነውና። ግን ምዕራፉን ሙሉውን እናንብበው። በዚያ ያለው ምልክት ከአምልኮ ጋር የተያያዘ ነው፤ ለአውሬው የሚሰግዱ የሚቀበሉት ነው። ማንም ሰው ከበሽታ ለመጠበቅ እጁን ሲዘረጋ ሳያውቀው ከክርስቶስ እጅ አይወድቅም። ጌታችን የያዘንን እንዲህ በቀላሉ አይለቅም።

ሌላው ወንድም "እኔን የበጉ ደም ይበቃኛል" አለ። በደሙ የማይታመን ክርስቲያን የለም። ነገር ግን ይህ ወንድም መደብሩን በሁለት ቁልፍ ይቆልፋል፤ ዘበኛም ቀጥሯል። ማታ ማታ ደግሞ ስለ ንብረቱ ይጸልያል። ቁልፉ እምነቱን እንደማይቀንስበት ያውቃል። ታዲያ ለጤፉ ያወጣውን ድንጋይ ለምን ለሳንባው አያወጣም? ንጉሥ ሕዝቅያስ እንደሚድን የእግዚአብሔር ቃል ከመጣለት በኋላ እንኳ ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲያደርጉለት አዘዘ (2ነገ 20፥5-7)። ጌታችንም ከመቅደሱ ጫፍ ራሱን እንዲወረውር በመዝሙር ቃል ሲፈተን፣ አባቱን መፈታተን እንቢ አለ (ማቴ 4፥5-7)።

እናቶቻችንና አባቶቻችን ፈንጣጣን ያውቁታል። ፊታቸው የተጠባሳ፣ ዓይናቸው የጠፋ ዘመዶች ነበሯቸው። በኢትዮጵያ የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ነው። ክትባት የያዙ ሰዎች ገደል ወጥተው፣ በረሃ ወርደው፣ በየጎጆው ሄደው ነው ያጠፉት። ዛሬ ልጆቻችን የፈንጣጣን ስም ከስድብ ውጭ አያውቁትም። ይህን ምሕረት ስናመሰግን በማን እጅ እንደመጣም እንናገር።

እማማ

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍ። እማማ ዕድሜያቸው ከ65 በላይ ስለነበረ ተራቸው በሚያዝያ ደረሰ። ለመሄድም ተዘጋጅተው ነበር። በአይሱዙ እህል የሚያመላልሰው ልጃቸው ግን የአውሮፓን ወሬ ሰምቶ ነበርና "እማ፣ ትንሽ እንይ፤ ከፋሲካ በኋላ ትሄጃለሽ" አላቸው። ፋሲካ በዚያ ዓመት ሚያዝያ 24 ነበር። እማማ ሳይደርሱበት ታመሙ። ያ ወቅት ጽኑ ሕሙማን ክፍሎች የሞሉበት፣ ኦክስጅን ያጠረበት ነበር። ልጃቸው ኦክስጅን ፍለጋ ሁለት ሌሊት ዞረ። በሰሙነ ሕማማት ቀበርናቸው።

ከቀብሩ በኋላ ልጃቸው ለብዙ ወራት አንድ ነገር ብቻ ይል ነበር። "እኔ ነኝ የገደልኳት።"

በኅብረታችን ሁለት ዓይነት መልስ ሰጡት። አንዱ "ቀኗ ደርሶ ነው፤ አንተ ምን ታደርጋለህ" አለው። ሌላው በፊቱ ባይናገርም ከኋላው "ነግረነው ነበር" አለ። ሁለቱም መልሶች ለእኔ የተሰረቀ ሚዛን ናቸው። የመጀመሪያው ነገሩን ክብደት የሌለው አድርጎ አነሣው፤ ልጁ ግን ክብደቱ በደረቱ ላይ ነውና አላመነውም። ሁለተኛው ደግሞ ለልጁ ፍቅር ምንም ድርሻ ሳይሰጥ መዘነው። እናቱን ስለወደደ ነው "ትንሽ እንይ" ያለው።

እውነተኛው ሚዛን ምን ይላል? ክትባቱ ከተወሰደ በኋላ ኃይል እስኪያገኝ ሳምንታት ይፈልጋል። እማማ በተራቸው ቀን ቢሄዱ ይተርፉ ነበር ወይ? ይህን የሚመዝን ሚዛን በሰው እጅ የለም። ፓስተራችን ለልጁ የነገረውም ይህንኑ ነው። "የማታውቀውን ፍርድ በራስህ ላይ አትፍረድ፤ የሚያውቀው ዳኛ ደግሞ ስለ አንተ የሞተው ነው" አለው። ከዚያም ጨመረበት፣ "ነገ ሌላ እናት ተራዋ ሲደርስ ግን አንተ ራስህ በመኪናህ አድርሳት።"

ልጁ በሐምሌና በነሐሴ፣ ከዚያም በኅዳር 2014 በነበረው አገር አቀፍ ዘመቻ፣ የሰፈራችንን አረጋውያን ያለ ክፍያ አመላልሷል። ኀዘኑ ግን አልተወውም። ዛሬም ረቡዕ ማታ እማማ ይቀመጡበት በነበረው ወንበር አጠገብ ይቀመጣል። አንዳንድ ኀዘን በዚህ ምድር እስከ መጨረሻው አይጠገንም። ጌታ ግን ከእርሱ ጋር ሲቀመጥ አይቻለሁ።

የዓለም ሚዛንና የእኛው ሚዛን

"ለምን ዘገየ?" የሚለው ጥያቄ ወደ ትልቁ ገበያ ይወስደናል። በጥር 2013 ዓ.ም. የዓለም ጤና ድርጅት ዋና ዳይሬክተር ዶክተር ቴድሮስ አድኃኖም ለዓለም የነገሩት ቁጥር ይህ ነው። 49 በሚሆኑ ሀብታም አገሮች ከ39 ሚሊዮን በላይ ዶዝ ተሰጥቷል፤ በአንድ እጅግ ድኻ አገር ግን 25 ብቻ። ሃያ አምስት ሚሊዮን አይደለም፤ ሃያ አምስት ሰው። አንዳንድ አገሮች ከሕዝባቸው ቁጥር የሚበልጥ አዝዘው ሳለ፣ ኮቫክስ ለእኛ ያቀደው በመጀመሪያው ዓመት ከሕዝባችን 20 በመቶውን ለመሸፈን ነበር።

ሲለግሱም ሊነቅዝ የደረሰ እህል እንደሚሰጥ ሰው የሆኑ ነበሩ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የአፍሪካ ኅብረት የክትባት ግብረ ኃይል፣ የአፍሪካ የበሽታ መከላከያ ማዕከልና ኮቫክስ በአንድነት፣ የሚለገሰው ክትባት አገር ሲደርስ ቢያንስ አሥር ሳምንት ዕድሜ ይኑረው ብለው ለመኑ። ከዚያ በፊት ማላዊ ጊዜው ያለፈበትን ወደ 20,000 የሚጠጋ ዶዝ በእሳት አቃጥላለች። ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች ስለ ልግስና ሲጽፍ የመናን ታሪክ አነሣ፤ ብዙ የለቀመው አልተረፈውም፣ ጥቂት የለቀመውም አልጎደለበትም (2ቆሮ 8፥13-15)። ያደረ መና ደግሞ እንደሚተላ እናውቃለን።

ይህን ለፈረንጅ ብቻ ብናገረው ግን እኔም ሁለተኛ ድንጋይ አውጥቻለሁ። አዲስ አበባ ለእኛ ከአውሮፓ ጋር ስትመዘን ድኻ ናት፤ ጤፋችንን ከሚልክልን ገበሬ ጋር ስትመዘን ግን ሀብታም ናት። ለእኛ ጤና ጣቢያ በእግር ይደረሳል፤ ለእርሱ የሰዓታት መንገድ ነው። በዚያው ዓመት በአገራችን ሰሜን ጦርነት ነበረ፤ ጤና ተቋማት ፈርሰው፣ የዘወትሩ የሕፃናት ክትባት እንኳ የቆመባቸው ቦታዎች ነበሩ። ስለ ዓለም ኢፍትሐዊነት ስንጮህ ከእኛ በታች ላለው ስንት ጊዜ ጮህን? ስንት ጊዜስ ጸለይን?

ዛሬስ?

ሰሞኑን ልጄ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ለሴት ተማሪዎች ስለሚሰጠው የማኅፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ነገረችን። ይህ ክትባት በአገራችን የተጀመረው በ2011 ዓ.ም. ሲሆን፣ በዓለም ላይ እጥረት ስለነበረ መጀመሪያ የተሰጠው ለ14 ዓመት ልጃገረዶች ብቻ ነበር። ወረፋው እዚያም ነበረ ማለት ነው። በዚያው ማታ ባለቤቴ ስልክ ላይ "ልጆቻችንን መካን ሊያደርጉ ነው" የሚል ድምፅ ደረሳት። ያው የድሮው ወሬ፣ አዲስ ጆንያ ውስጥ ገብቶ።

ባለቤቴ ፈራች። ልጅ የወለደች እናት ናት፣ ለምን አትፈራም? አልተቆጣኋትም። አብረን ጆንያውን ወጋነው። ድምፁን የላከው ማን እንደሆነ ፈለግን፤ ስም የለውም። በማግስቱ ልጃችንን ይዘን በኅብረታችን ወዳለች ነርስ እህት ሄድን። ባለቤቴ አንድ ሰዓት ሙሉ ጠየቀቻት፤ ስለ ትኩሳቱ፣ ስለ ራስ ማዞሩ፣ ስለ መካንነቱ። እህታችን አንዱንም ጥያቄ አልናቀችም። ክንድ ሊያም፣ ትኩሳት ሊመጣ እንደሚችል ነገረችን። መካን ያደርጋል ለሚለው ማስረጃ እንደሌለ፣ በሽታው ግን በአገራችን ሴቶችን በብዛት ከሚገድሉት ካንሰሮች አንዱ እንደሆነ ነገረችን። ባለቤቴ ወደ ቤት ስንመለስ በታክሲ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች። ከዚያ ልጃችንን "ከጓደኞችሽ መካከል እናቷ የሌለች አለች?" ብላ ጠየቀቻት። አንዲት ነበረች። ከአያቷ ጋር የምትኖር ናት። አያትየዋን ሊያነጋግሩ አብረው ሄዱ።

ወገኖቼ፣ ይህን የሚያነብ ከእኛ ጋር ያልሆነ፣ እውነትን የሚፈልግ ሰው ካለ፣ ክርስትና ዓይን ጨፍኖ መዋጥ እንዳይመስለው። አምላካችን ሚዛን የሚወድ አምላክ ነው። ጥያቄያችሁን አይንቅም። ለእኛ ለአማኞች ደግሞ፣ በዚህ ሳምንት ከረጢታችንን እንፈትሽ። ለራሳችን የምናወጣው ድንጋይ ለጎረቤታችን ከምናወጣው ይለያል? ተራውን ያጣ፣ ካርድ የሌለው፣ መንገዱ የራቀው ማን አለ?

አባት ሆይ፣ ከእጃችን ሁለተኛውን ድንጋይ ውሰድ። ለፈሩት ትዕግሥትን፣ ለሚያውቁት ትሕትናን፣ ላዘኑት መጽናናትን ስጥ። በደጅ የቀሩትን እንድናይ ዓይናችንን ክፈት። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።